ያውቁ ኖሯል? አስፋልት ዳርና ጓሮ፦ የቤት ዋጋ በእንጅባራና በዳንግላ

◆ ያውቁ ኖሯል? በኢትዮጵያ ሕግ መሬት አይሸጥም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት የዞረው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ስለዚህ እንጅባራ ላይ ቤቱን የሚሸጥ ሰው በወረቀት የሚሸጠው ግድግዳና ጣሪያውን ብቻ ነው። ነገር ግን በአንድ አናጢ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ጭቃና ቆርቆሮ የተሠሩ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ መናኸሪያው አጠገብ ሌላው ባጃጅ በማይገባበት ሰፈር ቢገኙ ዋጋቸው አይገናኝም። ልዩነቱን ግድግዳው ላይ ቢፈልጉት አያገኙትም። ገዢው የሚከፍለው ለቦታው ነው፤ ቦታውን ውድ ያደረገው ደግሞ መንገዱና መኪናው ነው። የቤት ደላላ ከክፍሎቹ ቁጥር አስቀድሞ «ከአስፋልት መቶ ሜትር ገባ ብሎ»፣ «መኪና የሚያስገባ» የሚለው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው።

◆ ቀድሞ ኮሶበር በሚል ስም የምትታወቀው እንጅባራ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት። አንዱ በቡሬ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በአዲስ ቅዳምና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ሦስተኛው በቻግኒ አልፎ ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ ይወስዳል። ይህ ሦስተኛው መንገድ የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ወዲህ ወደ ግድቡ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ ሆኗል። መገናኛ መሆን ለቤት ዋጋ ትልቅ ነገር ነው። በመስኮት እያየ የሚያልፍ መንገደኛ ለከተማው የሚጥለው ጥቂት ነው። መኪና ለመለወጥ የሚወርድ መንገደኛ ግን ምሳ ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከመሸበት አልጋ ይይዛል። መናኸሪያ ዙሪያ ያለች ጠባብ ክፍል ከሰፊ ግቢ በላይ የምትከራየው በእርሱ ምክንያት ነው።

◆ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዳንግላ ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ፣ እንጅባራ ደግሞ ወደ 21 ሺህ የሚሆን ነዋሪ ነበራቸው። የአዊ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ ሆና ሳለ በሰው ብዛት ዳንግላ ትበልጣት ነበር ማለት ነው።

◆ ዳንግላ ከመኪናም በፊት የመንገድ ከተማ እንደነበረች ያውቁ ኖሯል? የብሪታንያ መንግሥት ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚሆነውን ቆንስላ ያቋቋመው እዚያ ነው። ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የዳንግላ ቆንስል ነበር፤ የጣና ሐይቅንና የዓባይን ሸለቆ ያጠናውም በበቅሎ እየተጓዘ ነው። ዛሬ ከዳንግላ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ጉዳይ ጨርሶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። ከእንጅባራ ርቀቱ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ የ40 ኪሎ ሜትር ልዩነት ደመወዙን ባሕር ዳር የሚያገኝ ሰው ቤቱን የት ልሥራ ሲል ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱ ነው።

◆ ያውቁ ኖሯል? ቦታ ወደ ገበያ በቀረበ ቁጥር ለምን እንደሚወደድ ቀድመው በቅጡ ካብራሩት ሰዎች አንዱ ገበሬ ነበር። ጀርመናዊው ዮሐን ሃይንሪሽ ፎን ቱነን በ1826 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በከተማ ዙሪያ ያለ መሬት የሚሰጠው ጥቅም የሚወሰነው ምርቱን ገበያ ለማድረስ በሚወጣው የማጓጓዣ ወጪ ነው አለ። ከዚያም አንድ የሚያስገርም ነገር ጨመረ፦ የማገዶ ደን ከከተማ ርቆ ሳይሆን ቀረብ ብሎ ይገኛል፤ እንጨት ከባድ ነውና ሩቅ ቢተከል ትርፉን ማጓጓዣው ይበላዋል።

ይህን ሐሳብ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ይጓዝ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሩ ዲከረንስ የተባለውን ግራር በማሳው ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭድበታል፣ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ከሰሉ በጆንያ ሆኖ አስፋልት ዳር ይደረደራል፣ የጭነት መኪና ይረከበዋል። ማሳው ከመንገድ የራቀበት ገበሬ ጆንያውን በአህያ አስጭኖ እስከ አስፋልት ማድረስ አለበት፤ ያ ድካምና ወጪ በሙሉ ከእጁ ከሚገባው ብር ላይ ይቀነሳል። ዛፉ አንድ ነው፣ አፈሩ አንድ ነው። መሬቱ ግን በመንገዱ ምክንያት እኩል አይከፍልም።

◆ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የእነ ስቴፋን ደርኮን ጥናት 15 የኢትዮጵያ ገጠር መንደሮችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

◆ ከቦታ ርቀት ይልቅ ሰዓት ዋጋ የሚወስንበት ጊዜ አለ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ የሚነሣው ጎህ ሳይቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ባጃጅ እንደ ልብ አይገኝም፤ የአገው ምድር ብርድና የክረምቱ ጭቃ አለ፤ ሻንጣና ሕፃን የያዘች እናት አለች። ቀን ላይ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ምንም የማይመስለው ሰው ንጋት ላይ ግን ለመናኸሪያ ቅርበት ተጨማሪ ቢከፍል አይደንቅም። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የአልጋ ቤቶች መናኸሪያውን ከበው መቆማቸው ከዚህ የመጣ ነው።

◆ ይህ የቅርበት ዋጋ በቁጥር የተለካባት ከተማ ቦጎታ ናት። የኮሎምቢያዋ ዋና ከተማ በ2000 እ.ኤ.አ. ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የፈጣን አውቶቡስ መስመር ከፈተች። ተመራማሪዎች የቤት ኪራይ አወዳድረው፣ ወደ ጣቢያው በእግር የሚወስደው ጊዜ በአምስት ደቂቃ በጨመረ ቁጥር ኪራዩ ከ6.8 እስከ 9.3 በመቶ ዝቅ እንደሚል አገኙ። ባቡር የለም፣ ሐዲድ የለም፤ በሰዓቱ የሚመጣ አውቶቡስ ብቻ ነው ያለው። ሐዲድ ላልደረሰባቸው የአዊ ከተሞች ከዓለም ምሳሌዎች ሁሉ የምትቀርበው ቦጎታ ትመስለኛለች።

◆ ቅርበትም ልክ አለው። መናኸሪያው ደጃፍ ላይ ያለ ቤት የረዳት ጥሪ፣ ጡሩምባ፣ የናፍጣ ጭስና አቧራ አይለየውም፤ ልጅ ያለው ቤተሰብ የመኪና አደጋም ያሰጋዋል። ለሱቅ፣ ለምግብ ቤትና ለአልጋ የፊት መስመሩ ይመረጣል። ለመኖሪያ የሚፈለገው ግን ከአስፋልቱ አንድ ወይም ሁለት መስመር ገባ ያለው፣ የመኪናው ድምፅ የማይሰማበት፣ ሰውየው ግን በጥቂት ደቂቃ ታክሲ የሚይዝበት ነው።

◆ መንገድ ከተማ እንደሚሠራ ከድሬዳዋ በላይ የሚመሰክር የለም። የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረርን እንዲነካ ነበር። ተራራው ወጪውን አከበደውና ሐዲዱ በቆላው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የቆመበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ድሬዳዋ ከሐረር ከሁለት እጥፍ በላይ ነዋሪ ነበራት። ስንት ዘመን የንግድ ማዕከል የነበረችውን ከተማ የአንድ መሐንዲስ መስመር ወደ ጎን አደረጋት።

◆ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር፣ 39 ጣቢያና 41 ባቡር ነበረው። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ባለው መስመር ቤት ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቀና። ነገር ግን መስመሩ በመሬት ላይ በሚያልፍባቸው ቦታዎች አጥሩ መንገዱን ለሁለት ስለከፈለው፣ ማቋረጫ ካለበት የራቀ ሱቅ ከማዶ ይመጣ የነበረ ደንበኛውን አጣ። ቆይቶም አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት የቆሙበት ጊዜ መጣ። ከዚህ ለእንጅባራና ለዳንግላ የሚሆን ትምህርት አለ፦ ለቤት ዋጋ የሚጨምረው የጣቢያው ሕንፃ ብቻውን አይደለም። መኪናው መምጣቱ፣ ደጋግሞ መምጣቱ፣ ተሻግሮ መድረስ መቻሉ ነው።

◆ በዚያው በአዲስ አበባ፣ በአንድ ዓይነት ንድፍ የተሠራ የኮንዶሚኒየም ክፍል ሜክሲኮ አካባቢ ሲሆንና ኮየ ፈጬ ሲሆን ኪራዩ ለየቅል ነው። ርካሽ ኪራይ ያገኘ ሰው ቀሪውን በታክሲ ሰልፍ ይከፍላል።

◆ ያውቁ ኖሯል? ከባቡሩ ጎን ለጎን ቤት በመሸጥ የከበረ የባቡር ድርጅት አለ። ጃፓናዊው ኢቺዞ ኮባያሺ በ1910 እ.ኤ.አ. ኦሳካ አጠገብ የባቡር መስመር ሲከፍት፣ አስቀድሞ በመስመሩ ዳር መሬት ገዝቶ ነበር። ቤት ሠርቶ በየወሩ በሚከፈል ብድር ሸጠ፤ ገዢዎቹም በነጋታው የባቡሩ ተሳፋሪዎች ሆኑ። የሆንግ ኮንግ ሜትሮም በተመሳሳይ መንገድ ከጣቢያዎቹ በላይና ዙሪያ በሚገነባው ሕንፃ ገቢ እያገኘ መስመሩን ያስፋፋል። መንገዱ የፈጠረው ዋጋ ለመንገዱ ማሠሪያ ይመለሳል ማለት ነው።

◆ የእኛም ሕግ ይህን በር ከፍቷል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 እያንዳንዱ የከተማ ቦታ የሊዝ መነሻ ዋጋ እንዲኖረውና ዋጋው ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲከለስ ያዝዛል። ግንባታ ሳይጀምር ወይም በግማሽ ሳያደርስ የሊዝ መብቱን የሚያስተላልፍ ሰው ከሊዝ ዋጋው ጭማሪ 5 በመቶውን ብቻ ይዞ 95 በመቶውን ለመንግሥት ይመልሳል። ቦታ አጥሮ አስፋልቱ እስኪመጣ መጠበቅ እንዳያዋጣ ነው። በዚሁ አዋጅ የንግድ ቦታ የሊዝ ዘመን በአዲስ አበባ 60 ዓመት ሲሆን በሌሎች ከተሞች 70 ነው፤ በዳንግላ አስፋልት ዳር ሕንፃ የሚሠራ ነጋዴ ከመርካቶው ነጋዴ 10 ዓመት ይረዝምለታል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ሲጨመርበት፣ መንገዱ ካመጣው ጥቅም ለውስጥ ለውስጥ መንገድና ለመብራት የሚሆን ድርሻ መሰብሰብ የሚችሉት ከተሞቹ ራሳቸው ናቸው።

◆ አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልለፍ። ከተማ በአስፋልት ዳር ሲያድግ ቀድሞ የሚነሣው በዳር ያለው ገበሬ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የእርሻ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ባለይዞታ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ የልማት ተነሺ ካሳ ይሰጣል። የቀድሞው ሕግ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን 10 እጥፍ ይሰጥ ስለነበር ይህ መሻሻል ነው። ስሌቱ ግን የሚቆጥረው ጤፉን፣ ድንቹንና ከሰሉን ነው። ያ ማሳ ለመናኸሪያ አምስት ደቂቃ መቅረቡን አይቆጥርም። ገበሬው በእህል ሒሳብ የለቀቀው መሬት በማግሥቱ በካሬ ሜትር ሒሳብ ለጨረታ ይቀርባል። መንገዱ የመጣው የሕዝብ ሀብት ፈሶበት እስከሆነ ድረስ፣ ትውልዱ በሙሉ በዚያ መሬት ላይ የኖረ ቤተሰብ ከጭማሪው ምንም ሳይደርሰው መቅረቱ ፍትሕ ነው ብዬ አላምንም። ቢያንስ ከዚያው ከአዲሱ መስመር የሚነግድበት ቦታ ሊያገኝ ይገባል።

◆ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ይከበራል። የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ፈረሰኛው በፈረሱ ይመጣል፤ ተመልካቹ ግን ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ በመኪና ነው የሚመጣው፣ ማደሪያም ይፈልጋል።

◆ መኪና ሲቆም ዋጋውም ይቆማል። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት መናኸሪያ ጭር ሲል፣ በዙሪያው ያለው ምግብ ቤት፣ አልጋ ቤትና ሱቅ አብሮ ጭር ይላል። ለአስፋልት ዳር ክፍል ውድ ኪራይ የሚከፍል ተከራይ ገበያው ሲጠፋ ኪራዩ አይጠፋለትም። ሰላም የቤት ዋጋ አካል ነው።

◆ የአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ አድርጎ ወደ ሰመራ የሚዘልቅ መስመር እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ባለው መሃል ያለው ደግሞ አዊ ነው። መስመሩ አልተሠራም። «ባቡር ሊያልፍ ነው» በሚል ወሬ ቦታ የሚገዛ ሰው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር የአዲስ አበባ ጣቢያዎቹን ለቡ እና እንዶዴ ላይ ከመሃል ከተማ አርቆ እንደሠራ ያስብ። የድሮውን ጣቢያ የለገሃርን አካባቢ ባቡሩ ትቶት ሄዷል።

◆ መናኸሪያም ይሄዳል። አዲስ አበባ የክፍለ ሀገር አውቶቡሶችን ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ቀንሳ ወደ ቃሊቲ፣ ላምበረት፣ አስኮና አየር ጤና አከፋፍላለች። እያደገ ያለ ከተማ ሁሉ ይህን ማድረጉ አይቀርም። ለቦታ ገንዘብ ሊከፍል የተዘጋጀ ሰው አስቀድሞ ማዘጋጃ ቤት ገብቶ የከተማውን መዋቅራዊ ፕላን ይይ። በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መሠረት ፕላኑ የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። መናኸሪያው የት እንደሚቆይ፣ የትኛው መንገድ እንደሚሰፋ፣ የትኛው አጥር እንደሚነሣ የሚታየው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ቀብድ ከፍሎ ከደላላው ጋር ከመጨባበጥ በፊት ከፕላኑ ዘመን ስንት ዓመት እንደቀረ መጠየቅ ነው።