መረግድ እና ፔሪዶት

መረግድ (ወይም ኤመራልድ) እና ፔሪዶት ለጌጥ የሚያገለግሉ ሁለት አረንጓዴ የከበሩ ድንጋዮች ናቸው። የተለያዩ ማዕድናት ሲሆኑ ጥሩ መረግድ ከፔሪዶት እጅግ ይወደዳል፤ ስለዚህ አንዱን በሌላው ስም የገዛ ሰው ይከስራል።

ቀለም

መረግድ የቤሪል ዓይነት ነው። ንጹሕ ቤሪል ቀለም የለውም፤ አረንጓዴ የሚያደርገው በውስጡ የገባ ጥቂት ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ነው። ፔሪዶት የኦሊቪን ዓይነት ሲሆን ቀለሙን የሚያገኘው የማዕድኑ አካል ከሆነው ብረት ነው። ብዙ ጊዜም ወደ ቢጫ ያደላል።

መለያ

በሞስ የጥንካሬ መለኪያ መረግድ ከ7.5 እስከ 8፣ ፔሪዶት ከ6.5 እስከ 7 ነው። መጠናቸው እኩል ሲሆን ፔሪዶት ይከብዳል። ብርሃንንም ለሁለት አጥብቆ ስለሚከፍል በማጉያ መነጽር ሲታይ የጀርባው ጠርዞች ጥንድ ሆነው ይታያሉ፤ በመረግድ ላይ ግን እንዲህ ጎልቶ አይታይም።

አገልግሎትና አያያዝ

ሁለቱም ለቀለበት፣ ለጉትቻና ለአንገት ሐብል ይውላሉ። ፔሪዶት ቶሎ ስለሚጫር ለጉትቻና ለሐብል ይበልጥ ይስማማል። መረግድ በውስጡ ስንጥቅ ስለሚበዛበት አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቁ በዘይት ይሞላል፤ ስለዚህ በሙቅ ውኃ ሳይሆን በለብታ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይጸዳል።

መገኛ

መረግድ በኮሎምቢያ፣ በዛምቢያና በብራዚል፣ በኢትዮጵያም በጉጂ ዞን በሻኪሶ አካባቢ ይወጣል። ፔሪዶት በጥንት ዘመን ከቀይ ባሕሯ የግብፅ ደሴት ከዛባርጋድ ይወጣ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ «ቶጳዝዮን» የተባለው ድንጋይ ዛሬ ፔሪዶት የሚባለው እንደሆነ ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ።