በፈረስ አገር ፈረስ መፍራት፦ ስለ ፎቢያ የሚባለውና እውነታው

በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ በፈረስ ትጥለቀለቃለች። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው በዓድዋ የዘመቱ ፈረሶችን እያሰበ ነው። እንጅባራ በምትገኝበት፣ ሠርጉም ለቅሶውም ያለ ፈረስ በማይደምቅበት አዊ ዞን ፈረስ የሚፈራ ሰው ሕይወት ምን ሊመስል እንደሚችል ማሰብ ይገባል። ኮቴ ሲሰማ ልቡ ይደልቃል፣ ያልበዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጋሪ ላለማየት መንገድ ይቀይራል፤ ዘመድ ሞቶበት እንኳ ከለቅሶ ይቀራል።

ሰው ይህን አይቶ «ፈሪ» ይለዋል። ስህተት ነው። ፎቢያ ወኔ ማጣት ሳይሆን የአእምሮ የአደጋ ደወል ያለ ቦታው መጮኹ ነው። ሰውየው ፈረሱ ገራም መሆኑን ያውቅ ይሆናል፤ ማወቁ ግን ደወሉን አያጠፋለትም። የዓለም ጤና ድርጅት ባስተባበራቸው የ22 አገሮች ጥናቶች ከ100 ሰዎች 7 ያህሉ በሕይወታቸው አንድ ወቅት ላይ እንዲህ ያለ ፍርሃት ይዟቸው ተገኝቷል።

ፍርሃት ሁሉ ግን ፎቢያ አይደለም። ዳንግላ ውስጥ በምሽት የማያውቀውን ውሻ የሚሸሽ ሰው ልክ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ይገድላል። ፍርሃቱ ከአደጋው ልክ ሲያልፍ፣ 6 ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ከሥራና ከትምህርት ሲያስቀር ነው ሕመም የሚባለው።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረት ግማሹን እውነት ይዟል። በፈረስ የተረገጠ ልጅ ፈረስ ሊፈራ ይችላል። ብዙዎች ግን ምንም ክፉ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም፤ እናታቸው ስትደነግጥ አይተው የለመዱት አሉ፣ በተፈጥሯቸው ለስጋት ቅርብ የሆኑም አሉ።

ልክፍት ነው የሚሉም አይጠፉም። ፀበል የሚሄድ ይሂድ፤ ሕክምናውን ግን አይተው።

ከሁሉ የሚጎዳው «ፈረስ ላይ በግድ አውጡት፣ ይለምዳል» የሚለው ምክር ነው። ልጁ ሳይፈልግ ሲገደድ ፍርሃቱ ሊብስ፣ በወላጁ ላይ ያለው እምነትም ሊሸረሸር ይችላል። ጨርሶ ማራቅም አይበጅም፤ በሸሸ ቁጥር የሚሰማው እፎይታ ሽሽቱን ያጠነክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራን የ3 ዓመት ገደማ ልጅ ታሪክ አሳትማለች። ልጁ የሚወደውን እየበላ ጥንቸሏ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ትቀርበው ነበር፤ በመጨረሻ በእጁ ዳሰሳት። የዛሬው ሕክምናም መንገዱ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ የፈረስ ሥዕል፣ ቀጥሎ ከአጥር ማዶ ማየት፣ ከዚያ ባለቤቱ ልጓሙን ይዞለት መቅረብ፣ ኋላ አንገቱን መዳበስ። በየደረጃው ፍርሃቱ እስኪበርድ ይቆያል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የሚታከመው ሰው ራሱ ነው።

መርፌና ደም መፍራት ግን ለየት ይላል። በሌሎች ፎቢያዎች ልብ ቢደልቅም ራስን መሳት ብርቅ ነው፤ በዚህኛው ግን የደም ግፊት በድንገት ወርዶ ሰው ይወድቃል። በዚህ ምክንያት ክትባትና የደም ምርመራ የሚሸሽ ሰው ጤናውን ይጎዳል። መርፌ ሲያዩ የሚያዞርዎት ከሆነ ለነርሷ አስቀድመው ይንገሩ፣ ተኝተው ይወጉ፤ ማዞሩ ሲጀምርዎትም የማይወጋውን ክንድዎንና የእግርዎን ጡንቻ ጠበቅ ያድርጉ።