«የስድስት ወሩን ክፈሉና ተገላገሉ»

ከጎጃሟ ደምበጫ ተነሥተው አዲስ አበባ ጎጆ ለሚወጡ ሙሽሮች ምክር የሚነፍጋቸው የለም። ሚዜው ይመክራል፤ አጎት ይመክራል፤ ከተማ ገብቶ ሁለት ዓመት የቆየ የሰፈር ልጅ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ይመክራል። ከምክሮቹ ሁሉ የብዙ ሙሽሮችን ቤት ሲያናጋ ያየሁት ይህኛው ነው፦ «ብሩ በእጃችሁ ሳለ የስድስት ወሩን፣ ከቻላችሁም የዓመቱን ኪራይ ባንዴ ክፈሉና ተገላገሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው።»

ቀላል አይደለም።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል፤ የሞኝ ምክርም አይደለም። የደምበጫ ገበሬ ብር የሚያየው በወር ሳይሆን በመኸር ነው። በቆሎው፣ ጤፉና በርበሬው ተሰብስቦ ገበያ ሲወጣ የማዳበሪያ ዕዳ ይከፈላል፣ ልጅ ይዳራል፣ የጎደለው ይሟላል። ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ማለፍ አለ። እንዲህ ላለ ቤት የዓመቱን ግዴታ ብር በገባበት ሰሞን መጨረስ ብልህነት ነው፤ ዕዳ ተሸክሞ ሐምሌን የሚገባ ማን ነው? አዲስ አበባ ገብተው እሱ በመምህርነት፣ እሷ በገንዘብ ያዥነት የተቀጠሩ ባልና ሚስት ግን መኸር የላቸውም። ያላቸው በየወሩ የሚገባ፣ በየወሩም የሚያልቅ ደመወዝ ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረ። ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ አከራይ ደስ ባለው ቀን «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ጨምሩ፤ ካልሆነ ልቀቁ» ማለት ይችል ነበር። ያኔ የስድስት ወሩን የከፈለ ሰው ቢያንስ ለስድስት ወር ያንን ቃል አይሰማም። ብሩን የሚሰጠው ለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለእንቅልፉም ጭምር ነበር።

ዛሬ ያ እንቅልፍ በሕግ ተሰጥቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው ጣሪያ ሳያልፍ ነው። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። የቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም።

የመጨረሻውን ደግማችሁ አንብቡት። ስድስት ወር ክፈሉ የሚል አከራይ ሕግ እየጣሰ ነው። ሕጉን መጣሱ እንኳ ባያሳስባችሁ፣ ከሁለት ወር በላይ ያለው ብር በተመዘገበው ውል ላይ እንደማይሰፍር አስቡ። በእጅ ይሰጣል፤ ደረሰኝ የለውም። በሦስተኛው ወር ጣሪያው ቢያፈስ፣ ውኃው በፈረቃ እንኳ ባይመጣ፣ ወይም ከአከራዩ ጋር ባትስማሙና ልውጣ ብትሉ፣ «የምን አራት ወር?» ለሚላችሁ ሰው የምታሳዩት ወረቀት አይኖራችሁም። ብራችሁ ከእሱ ዘንድ እስካለ ድረስ የምትሄዱበት የለም፤ እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ሒሳቡንም እንየው። ከሠርግ ስጦታው፣ ከወላጅና ከራሳቸው ቁጠባ 90,000 ብር ይዘዋል እንበል፤ ኪራዩ በወር 12,000 ነው። የስድስት ወሩን ሲከፍሉ 72,000 ይወጣል። በቀረው 18,000 ደላላው ይከፈላል፣ ዕቃ ይጓጓዛል፣ ፍራሽና ምድጃ ይገዛል፣ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ ይበላል። ሁለት ወር ብቻ ቢከፍሉ ደግሞ 24,000 ወጥቶ 66,000 ይቀራቸዋል፤ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ በየወሩ ይከፍላሉ።

«ግን እኮ ስድስት ወር ሙሉ ኪራይ አይከፍሉም» ይላል መካሪው። ተረቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስድስቱን ወር በለመደው አከራይ ዘንድ ሰባተኛው ወር ሲብት የሚጠየቁት 12,000 ሳይሆን እንደገና 72,000 ነው። ያንን ለማግኘት ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ በየወሩ 12,000 ማስቀመጥ ነበረባቸው፤ ማለትም ኪራዩን ሲከፍሉ ነው የቆዩት። አዲስ ተጋቢዎች ግን ከኪራይ ያረፉ በሚመስላቸው ወራት ፍሪጅ ይገዛሉ፣ ቴሌቪዥን ይገዛሉ፣ ዘመድ ያግዛሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ሰባተኛው ወር ሲደርስ ስልክ ወደ ደምበጫ ይደወላል። እዚያ ደግሞ ከዛፍ የሚለቀም ብር የለም፤ ያለው ጥማድ በሬ ነው። አንዱ በሬ ተሸጦ ለአዲስ አበባ ኪራይ ሲላክ አባት በቀጣዩ ክረምት ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ለማረስ ተራ ይጠብቃል፤ ዘሩም ከጊዜው ይዘገያል። ምክሩን የሰጠው ሰው ያኔ የለም።

በዚህ ነገር ትዕግሥት የለኝም፣ በተለይ ለሁለት ዓይነት መካሪ። አንደኛው ደላላው ነው፤ የሚደራደርላችሁ ይመስላል እንጂ ብሩ ቶሎና በርከት ብሎ እንዲከፈል የሚፈልገው እሱም ነው። ሁለተኛው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ ቤት ደርሶት፣ በጥቂት አሥር ብሮች ኪራይ ልጅ አሳድጎ የዳረ አጎት ነው። አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ፣ ጋሼ የዛሬውን የአዲስ አበባ ኪራይ ከፍለው አያውቁም።

«አከራዩ ሁለት ወር አልቀበልም ቢልስ?» ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሌላ ተከራይ በር ላይ ቆሞ አዋጅ መጥቀስ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። መነሻ ዋጋው በሁለቱ ወገን ስምምነት የሚወሰን በመሆኑም የነገውን ጭማሪ ዛሬውኑ ኪራዩ ውስጥ የሚጨምር አከራይ ይኖራል። ሕጉ ለተከራይ ካመጣው ጥቅምና ከዚህ የትኛው እንደሚያመዝን ለመፍረድ ይከብደኛል። አንድ ነገር ግን እላለሁ፦ ከሁለት ወር በላይ ካልተከፈለኝ የሚልን አከራይ ቤት ትቶ ሌላ እስኪገኝ ዘመድ ቤት መሰንበት፣ ቢያሳፍርም፣ የአራት ወር ኪራይ ያለ ደረሰኝ ከመስጠት ይረክሳል። ክርክራችሁን ሁሉ መነሻ ዋጋው ላይ አድርጉት፤ ለሁለት ዓመት የሚከተላችሁ እሱ ነው።

የቀሩት ተረቶች ይህን ያህል አይጎዱም።

ተረት፦ «ኪራይ ከደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም።» ዩቲዩብ ላይ የሚሰብኩት ሰዎች ከየት እንዳመጡት ቢያውቁ ደግ ነበር። በአሜሪካ በመንግሥት ድጋፍ የሚኖሩ ተከራዮች የሚከፍሉት ጣሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ከገቢ 25 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ፤ በ1981 ወደ 30 ከፍ አለ። ለእነሱ የወጣ የድጎማ ደንብ ነው። በአዲስ አበባ ጀማሪ ደመወዝተኛ ሲሶውን ይዞ ቢዞር በአብዛኛው ቤት ሳይሆን አንድ ክፍል እንኳ ይቸግረዋል። ከመቶኛው ይልቅ ኪራይ ተከፍሎ የሚቀረው ብር ሁለት ሰው ወሩን ያዘልቃል ወይ ብሎ መቁጠር ይሻላል።

ተረት፦ «ጤፍ ከቤት ይመጣል፤ ለምግብ አታስቡ።» ጤፉስ ይመጣል፤ ለዚያውም መንገዱ ክፍት ሲሆን። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ የጎጃም መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ማንም አይረሳውም። ጤፉ ደረሰ እንበል፤ ተፈጨ፤ የት ይጋገራል? ብዙ የሰርቪስ ቤት አከራይ መጀመሪያ የሚናገረው «ምጣድ አይቻልም» የሚለውን ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ቆጣሪው የጋራ ነው፤ የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት ነው፤ በአንድ ቆጣሪ ሦስት አባወራ ሲጠቀም ሁሉም ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። ስለዚህ ጆንያ ጤፍ አልጋ ሥር አስቀምጠው እንጀራ ከሱቅ የሚገዙ ባልና ሚስት ሞልተዋል። ቤት ስታዩ ስለ ቆጣሪው፣ ስለ ምጣዱና ስለ ውኃው ዋጋ ሳትስማሙ አትፈርሙ፤ የተስማማችሁትም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ተረት፦ «ዳር ዳሩ ርካሽ ነው።» ኪራዩ ርካሽ ነው። ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ ሆኖ ሥራው መርካቶና ፒያሳ ከሆነ ግን የትራንስፖርቱን ሒሳብ በሁለት ሰው፣ በደርሶ መልስ፣ በሥራ ቀናት ቁጥር አባዙትና ከኪራዩ ጋር ደምሩት። በ2008 መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ነው፤ ከእነዚያ ሁለት መስመሮች የራቀ ሰፈር ታክሲ ቀያይሮ መግባት ነው። አንዳንዴ ዳሩ ያዋጣል፣ አንዳንዴ አያዋጣም፤ ሳይደመር አይታወቅም።

ተረት፦ «ኮንዶሚኒየም እስኪደርሰን ነው።» ምዝገባው በተካሄደባቸው በ1997 ወይም በ2005 ተመዝግባችሁ ነበር? ካልነበረ ይህን መሥመር ከበጀቱ ሰርዙት።

ተረት፦ «ሁለት ሲሆኑ ወጪ በግማሽ ይቀንሳል።» ሁለት ላጤዎች ሁለት ክፍል ከሚከራዩ አንድ መከራየታቸው ይቆጥባል፤ እውነት ነው። ላጤ ቤት የማይመጣ እንግዳ ግን ባለትዳር ቤት ይመጣል። ታናሽ እኅት ለትምህርት፣ አክስት ለጥቁር አንበሳ ሕክምና፣ የጎረቤት ልጅ ሥራ ፍለጋ። እንዲመለሱ የሚል የጎጃም ሰው አላውቅም፤ እኔም አልልም። ለእንግዳ በየወሩ የሚያዝ ብር በጀቱ ውስጥ ይግባ፤ ለእንግዳ የሚሆን ተጨማሪ ፍራሽም ከሶፋው በፊት ይገዛ። አከራዩም ቀድሞ ይወቅ፤ ውኃ በሰው ቁጥር የሚያስከፍል አለና።

ተረት፦ «ኪራይ የባል ጉዳይ ነው፤ ቢበደርም እሱ ያውቃል።» አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና የሚስት ገቢ የጋራ ነው ይላል፤ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ለቅድሚያ ክፍያው ከጓደኛ በምስጢር የተወሰደ ብድር፣ ዕቁብን በመጀመሪያ ዕጣ ለማግኘት የተገባ ቃል፣ ሁሉም ሁለተኛው ሰው ሳያውቅ ከሆነ በጀት የሚባል ነገር የለም። የኪራይ ውሉም በሁለቱም ስም ይሁን። ባል ለሥራ ክፍለ ሀገር ቢሄድ ቤት የምትቀረው ሚስት ናት፤ ስሟ የሌለበትን ውል ይዛ ከአከራይ ጋር የምትሟገተውም እሷው።