ስሙ ከውስጥ፣ መድረሻው ከውጭ

የፕሮግራም ጽሑፎችን ከነለውጥ ታሪካቸው የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር የኮድ ማከማቻ ይባላል። ብዙዎች አገልግሎቱን ከውጭ ኩባንያዎች በኢንተርኔት ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ መቋረጡን የሚያስታውስ ግን፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ በአሰላ የሚማር የተማሪዎች ቡድን ማከማቻውን በራሱ ሰርቨር ላይ ቢተክል አይደነቅም። የውጭው መስመር ቢቋረጥም በግቢው ኔትወርክ ሥራው ይቀጥላልና። ለዚህ ከሚመረጡት አንዱ ጎግስ ነው፤ በአነስተኛ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይሠራል። ይሁን እንጂ በራስ ሰርቨር ላይ የተተከለን ሶፍትዌር ቀዳዳ የሚደፍን ሌላ ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ዊዝ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች የአንድን አጥፊ ፕሮግራም ምንጭ ሲከታተሉ በጎግስ ውስጥ ያልታወቀ ጉድለት አገኙ። ጎግስ ከተጠቃሚ የመጣን ፋይል ከመጻፉ በፊት አድራሻው ከማከማቻው ክልል አለመውጣቱን ይመረምራል። ይህ ምርመራ ራሱ የተጨመረው ቀደም ሲል የታየን ተመሳሳይ ጉድለት ለመድፈን ነበር። የተዘነጋው ሲምቦሊክ ሊንክ ነው፤ ይኸውም የራሱ ይዘት ሳይኖረው ወደ ሌላ ፋይል ብቻ የሚመራ ፋይል ነው።

የአርሲ ገበሬ ጎምቢሳ የሚለውን ጎተራ እናስብ። ዘበኛው ገብሱ የሚገለበጥበት አፍ በግቢው ውስጥ መሆኑን አይቶ ያሳልፋል፤ ጎተራው ከሥሩ ተቦርቡሮ ወደ ጎረቤት ቤት እንደሚያፈስ ግን አላየም። አጥቂውም በማከማቻው ውስጥ ወደ ውጭ የሚመራ ሊንክ ያኖርና በሊንኩ ስም እንዲጻፍለት ይጠይቃል። ጽሑፉ በጊት የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ሲያርፍ ሰርቨሩ የአጥቂውን ትእዛዝ ይፈጽማል።

ጉዳዩ በዲሴምበር 2025 ይፋ ሲሆን፣ ከኢንተርኔት ከሚታዩት 1,400 ያህል የጎግስ ሰርቨሮች ከ700 በላይ የሚሆኑት ተጠቅተው ነበር። ማስተካከያው የመጣው በጃንዋሪ 2026 ነው።

በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ሥራ የምዝገባውን በር መዝጋት ነው። ጥቃቱ የተጠቃሚ ስም ይጠይቃል፤ ጎግስ እንደተተከለ ከተተወ ደግሞ ማንም ራሱን መመዝገብ ይችላል። ሰርቨሩን ለግቢው ኔትወርክ ብቻ መወሰንም ለአሰላው ቡድን ኪሳራ የለውም፤ የተከለው ለዚሁ ነውና። አዲሱን እትም መጫን ግድ ነው፤ ሆኖም ቀድሞ የገባን አጥቂ አያስወጣም። ስለዚህ ትርጉም የለሽ ስምንት ፊደላት በስምነት የተሰጧቸው ማከማቻዎች መኖራቸው ይፈተሽ፤ ተመራማሪዎቹ በተጠቁት ሰርቨሮች ላይ ያገኙት ምልክት ይህ ነበር። ከተገኘ ሰርቨሩ ከነመዝገቡ ለምርመራ ይቀመጥና ሥራው በንጹሕ ማሽን ላይ እንደ አዲስ ይተከል፤ የይለፍ ቃሎችና ቁልፎችም ሁሉ ይለወጡ። ኮዱ ራሱ ተነክቶ እንደሆነ ለማወቅ የጊት አሠራር ይረዳል፦ በእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር ላይ ያለው ቅጂ እስከ ተወሰደበት ቀን ያለውን የለውጥ ታሪክ ስለሚይዝ፣ የለውጦቹን መለያ ቁጥሮች ከሰርቨሩ ጋር ማመሳከር ይቻላል።