ውሃው የት ሄደ? እንጉዳይ እያደረቁ አማርኛ መማር



ብዙዎቹ ልጆቻችን «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» ሲባሉ ይገባቸዋል። «ይሰጣ»፣ «ይጠንፈፍ»፣ «ይዘፍዘፍ» ሲባሉ ግን ግራ ይጋባሉ። እነዚህ ቃላት በሥራ ካልታዩ ከእኛ ጋር ቀርተው ይጠፋሉ። ለዚህ ወር የመረጥነው ሥራ እንጉዳይ ማድረቅ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ከገበያ የተገዛ እንጉዳይና የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል።

እንጉዳይ ከ100 ግራም ውስጥ 90 ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ 500 ግራም በደንብ ሲደርቅ ወደ 55 ግራም ይወርዳል። ልጆች መጀመሪያ ይገምቱ፣ ከዚያ ይመዝኑ።

ውሃው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ልቅ ስለሆነ ቶሎ ይተናል፤ ጥቂቱ ከፕሮቲንና ከአሰሩ ጋር ተጣብቆ አልወጣም ይላል። ለዚህ ነው ሚዛኑ መጀመሪያ ፈጥኖ ወርዶ በኋላ የሚንቀረፈፈው። ሻጋታ የሚያድገው በልቁ ውሃ ነው። ቋንጣና ድርቆሽ ሳይበላሹ የሚቆዩበት ምሥጢርም ይኸው ነው።

ከማድረቅ በፊት

እንጉዳዩን ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል አድርጋችሁ ክተፉና በሦስት ሳህን ክፈሉት።

አንደኛው እንዳለ ይቆይ። ሁለተኛው በፈላ ውሃ 1 ወይም 2 ደቂቃ ገብቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከርና ይጠንፈፍ። ሙቀቱ የሚያጠቁረውን ኢንዛይም ያቆማል፣ ሴሎቹንም ስለሚያላላ ውሃው በቀላሉ ይወጣል፤ ነገር ግን ጣዕሙና ቫይታሚኑ በከፊል ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሦስተኛው ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ 10 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፤ ሎሚው መጥቆሩን ይቀንሳል።

ማድረቂያው

ሰማዩ ዝናባም በሆነበት አገር ኦቨን ይሻላል፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሩ ገርበብ ብሎ። «ቶሎ ይድረቅ» ብሎ እሳት መጨመር አያዋጣም፤ ላዩ ይጠነክርና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ከዚያ ይሻግታል። ደረቅ ፀሐይ ባለበት በሰፌድ ማስጣት ይቻላል፤ ፀሐይ የመታው እንጉዳይ ቫይታሚን ዲ ያገኛል። የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ግን ሙቀት ቢኖረውም አየሩ እርጥብ ስለሆነ ውሃው ቶሎ አይወጣም። ሲጎነበስ የሚታጠፍ ከሆነ አልደረቀም፤ ሲሰበር ነው የደረሰ።

በመጨረሻ ከየሳህኑ እኩል ግራም ወስዳችሁ በሞቀ ውሃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉና እንደገና መዝኑ። ሴሎቹ ስለተኮማተሩ የትኛውም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ፋብሪካዎች ከበረዶ በቀጥታ ወደ እንፋሎት እየለወጡ የሚያደርቁት እንጉዳይ ግን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳው ስለሚቀር ውሃውን ቶሎ ይመጣል።

አደራ!

ከጫካ ወይም ከፓርክ እንጉዳይ አትልቀሙ። አገር ቤት የምናውቀውን የሚመስል ገዳይ ዓይነት በአውሮፓም በአሜሪካም ይበቅላል፤ መርዙ በመቀቀልም በማድረቅም አይጠፋም። ይህን ለአያቶችም ንገሩልን።

እየሠራችሁ በአማርኛ ጠይቋቸው፦ «ስንት መዘነ?» «ለምን ተጨማደደ?» «የትኛው ጠቆረ?» መልሱ በሌላ ቋንቋ ቢመጣ አትቆጡ፤ በአማርኛ ደግማችሁ በሉትና ቀጥሉ። ቅዳሜ ልጆች ቁጥሮቻቸውን ይዘው ይምጡ፤ በክፍል እናወዳድራለን።