ቅቤ ማንጠርና ኮንፊ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በተለይም በጋስኮኝ አካባቢ፣ የዳክዬና የዝይ ሥጋ በጨው ታሽቶ ካደረ በኋላ በራሱ ስብ ውስጥ በለዘብተኛ እሳት ለሰዓታት ይበስላል፤ ከዚያም ስቡ ከላይ እስኪሸፍነው ድረስ በሸክላ ዕቃ ተሞልቶ በቀዝቃዛ ጓዳ ለወራት ይቀመጣል። ዘዴው «ኮንፊ» ይባላል። ጨው ከሥጋው ውሃ ይስባል፣ እሳቱ ተዋስያንን ይቀንሳል፣ የረጋው ስብ ደግሞ አየር ወደ ሥጋው እንዳይደርስ ያግዳል።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ሥጋ የሚቆየው ግን በስብ ተሸፍኖ ሳይሆን በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ በገመድ ላይ ደርቆ፣ ቋንጣ ሆኖ ነው፤ በስብ ጥበብ የሚጠበቀው ራሱ ስቡ፣ ማለትም ቅቤው ነው። (በአገራችን ለኮንፊ እጅግ የሚቀርበው የሶማሌዎች ሙቅማድ ሲሆን፣ እርሱም ደርቆ በደቃቁ የተከተፈ ሥጋ በቅቤ ተጠብሶ በዚያው ቅቤ ውስጥ የሚከማችበት ምግብ ነው።)

እርጎው በቅል ተገፍቶ የሚወጣው ለጋ ቅቤ በውስጡ ውሃና የአይብ ቅሪት ስለሚይዝ፣ ተዋስያን የሚራቡት፣ ጠረኑንም የሚለውጡት በዚሁ እርጥበት ነው። ማንጠር ማለት ቅቤውን በዝግታ አቅልጦ፣ አረፋው እስኪረጋና መንጣጣቱ እስኪቆም ድረስ ውሃውን በእንፋሎት ማስወጣት፣ ዝቃጩን ከሥር አስቀርቶ ጥሩውን ማጥለል ነው። እሳቱ ከበረታ ዝቃጩ አርሮ ቅቤውን ያመርረዋል። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽና እርድ የሚጨመሩት በዚሁ ለስላሳ ሙቀት ላይ ሲሆን፣ መዓዛቸው በስብ የሚሟሟ በመሆኑ ቅመሙ ተጠልሎ ከወጣም በኋላ ሽታው በቅቤው ውስጥ ይቀራል፤ ትኩስ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ግን የራሳቸውን ውሃ ይዘው ስለሚገቡ ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ መታገሥን ይጠይቃሉ።

ይህ ትዕግሥት በጎጃም ገበሬ ቤት የተለየ ክብደት ያገኘው በጾም ምክንያት ይመስላል። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ቅቤን ከማዕድ ያርቃል፤ ላሟ ግን አትጾምም፣ ወተቱም መገፋቱን አያቆምም። በመሆኑም በሁዳዴ የተጠራቀመው ቅቤ ለፋሲካው ዶሮ ወጥ ጣዕሙን ሳይለውጥ የሚደርሰው በጊዜ ተነጥሮ፣ በደረቅ ዕቃ ተከድኖ፣ እርጥብ ጭልፋ ሳይነካው ከቆየ ነው።