የሁለት ልኮች ምንዛሪ በናይሮቢ

እህል በቁናና በዳውላ እንደሚሰፈር ሁሉ፣ በቴሌኮሙኒኬሽን መስመር የሚተላለፈው መልእክትም የራሱ መስፈሪያ አለው። ትንሹ መስፈሪያ ቢት ይባላል፤ ይኸውም ዜሮን ወይም አንድን የሚያመለክት ምልክት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል። የአንድ መስመር ፍጥነት የሚታወቀው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚያሳልፋቸውን ቢቶች በመቁጠር ሲሆን፣ አንድ ሚሊዮን ቢት ሜጋቢት ይባላል። ይሁን እንጂ ዳውላ ከአገር አገር ይለያይ እንደነበረ፣ የመስመር መስፈሪያም በዓለም ላይ አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። ስለዚህ በሁለት ልኮች መካከል የሚሠራ ሰው አንዱን ወደ ሌላው መመንዘር ማወቅ ይኖርበታል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ናት። ናይሮቢ ከባሕር ጠረፍ ርቃ፣ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እስከ 2009 ድረስ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኬንያ ወደ ሌሎች ክፍለ ዓለማት የሚሄደው መልእክት በአብዛኛው በሳተላይት በኩል ያልፍ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ቲምስ የተባለው የባሕር ውስጥ ገመድ ከፉጀይራ ተነሥቶ ሞምባሳ ደረሰ፤ ሲኮም የተባለውም ሌላ ገመድ በሐምሌ ወር አገልግሎት ጀመረ። በእነዚህ ገመዶች ውስጥ እንደ ጠጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች አሉ፤ ቢቶቹንም የሚያጓጉዘው በክሮቹ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ነው። መልእክቱ ከሞምባሳ እስከ ናይሮቢ ያለውን 480 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚጓዘውም በዚሁ ዓይነት ክር ነው።

ገመዶቹ ሥራ ሲጀምሩ አቅማቸው ለገዢ ይቀርብ የነበረው ኤስ ቲ ኤም-1 በሚባል ልክ ነው። መልእክቱ አውሮፓን አልፎ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ግን ኦ ሲ ከሚባለው ከሌላ ልክ ጋር ይገናኛል። የሁለቱን ዝምድና ለመረዳት ከሥሩ መነሣት ያስፈልጋል።

የሁለቱም ሥር የሰው ድምፅ ነው። በቴሌፎን የሚያልፍ ድምፅ በየሴኮንዱ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ንግግር በሴኮንድ 64,000 ቢት ያስፈልገዋል። የሰሜን አሜሪካና የጃፓን መሐንዲሶች 24 ንግግሮችን አንድ ላይ በመጠቅለል 1.544 ሜጋቢት የሆነውን ቲ-1 የተባለ ጥቅል ሠሩ። አውሮፓውያን ግን 32 ቦታዎችን በመጠቅለል 2.048 ሜጋቢት የሆነውን ኢ-1 መረጡ፤ ከ32ቱ ቦታዎች ሁለቱ ለመስመሩ መቆጣጠሪያ ሲውሉ፣ 30ዎቹ ለንግግር ይቀራሉ። ኬንያና ኢትዮጵያ የተከተሉት ይህን የአውሮፓውን ሥርዓት ነው።

የመስታወት ክር በመጣ ጊዜ እነዚህን ጥቅሎች የሚሸከም ትልቅ መያዣ አስፈለገ። አሜሪካኖች ሶኔት የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ የዓለም አቀፉ የቴሌግራፍና የቴሌፎን አማካሪ ኮሚቴም በ1988 ኤስ ዲ ኤች የተባለውን ሥርዓት አጸደቀ። ከብዙ ክርክር በኋላ ሁለቱ ወገኖች ልካቸው እንዲገጥም አደረጉ። የሶኔት መሠረታዊ ሠንጠረዥ 9 ረድፍና 90 ዓምድ ባይቶች ሲኖሩት፣ የኤስ ዲ ኤች 9 ረድፍና 270 ዓምድ አለው። ሁለቱም በየሴኮንዱ 8,000 ጊዜ ይላካሉ። እንግዲህ ስሌቱን እንመልከት፦

ኦ ሲ-1፦ 9 × 90 × 8 × 8,000 = 51,840,000 ቢት በሴኮንድ
ኤስ ቲ ኤም-1፦ 9 × 270 × 8 × 8,000 = 155,520,000 ቢት በሴኮንድ

ሁለተኛው የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ የኦ ሲን ቁጥር ለ3 ብናካፍል የኤስ ቲ ኤምን ቁጥር እናገኛለን፦ ኦ ሲ-3 ከኤስ ቲ ኤም-1፣ ኦ ሲ-12 ከኤስ ቲ ኤም-4፣ ኦ ሲ-48 ከኤስ ቲ ኤም-16፣ ኦ ሲ-192 ከኤስ ቲ ኤም-64 ጋር እኩል ነው። ይህን ሳያውቅ ኦ ሲ-3ን ‹‹ሦስት ኤስ ቲ ኤም-1 ነው›› ብሎ የሚዋዋል የናይሮቢ ነጋዴ፣ ለአንድ መስመር የሦስት መስመር ዋጋ ይከፍላል።

የጥቅሎቹም አደራደር በጥንቃቄ የታሰበ ነው። በኤስ ዲ ኤች መያዣ ውስጥ ሦስት ኢ-1 የሚገባበት ክፍል አራት ቲ-1 እንዲይዝ ሆኖ ተሠርቷል። በአንድ ኤስ ቲ ኤም-1 ውስጥ እንደዚህ ያሉ 21 ክፍሎች ስላሉ፣ 63 ኢ-1 ወይም 84 ቲ-1 ይይዛል። 63ን በ32፣ 84ንም በ24 ብናባዛ ውጤቱ በሁለቱም በኩል 2,016 ይሆናል። ሆኖም በአውሮፓው ሥርዓት ከየጥቅሉ ሁለት ቦታ ለመቆጣጠሪያ ስለሚቀነስ፣ ለንግግር የሚተርፈው 1,890 ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ መመንዘር በ3 ማባዛትና ማካፈል ብቻ እንዳልሆነ ነው። የመስመሩ ፍጥነትና ለደንበኛው የሚደርሰው አቅም ይለያያሉ። ከ270ዎቹ ዓምዶች 10ሩ ለመስመሩ አስተዳደር ስለሚውሉ፣ ከ155.52 ሜጋቢት ውስጥ ለደንበኛው መልእክት የሚቀረው 149.76 ሜጋቢት ነው። በ63 ኢ-1 ከተከፋፈለ ደግሞ 129.024 ብቻ ይሆናል። እንዲሁም ሜጋቢትን ከሜጋባይት ጋር ማምታታት አይገባም፤ 155.52 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 19.44 ሜጋባይት ነው።

ዛሬ አዳዲስ መስመሮች በአብዛኛው ኤተርኔት በተባለው ልክ ይሸጣሉ። ቢሆንም ጥንቃቄው አልቀረም። ኤስ ቲ ኤም-64ን ‹‹10 ጊጋቢት›› ብሎ መጥራት ተለምዷል፤ እውነተኛ ልኩ ግን 9,953.28 ሜጋቢት በመሆኑ፣ 10,000 ሜጋቢት የሚያሳልፈውን የኤተርኔት መስመር በሙሉ ሊይዝ አይችልም። ስለሆነም ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል፦ ልኩ የየትኛው ሥርዓት ነው? የተጻፈው በቢት ነው ወይስ በባይት? ከመቆጣጠሪያው የሚተርፈውስ ስንት ነው? እነዚህን ጠይቆ የሚያሰላ ገዢ በስም መመሳሰል አይታለልም፤ የሚከፍለው ዋጋም ከሚያገኘው አገልግሎት ጋር ይመጣጠናል።